ፎቶው ከፊቴ ሲነሳ እጄ ለምን ይቆማል? ከምናብ ስለመሳል የቀረቡ ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ የሚያጠነጥኑት ከፊት ለፊት ምንም ሳያስቀምጡ ከምናብ በመሳል ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የሰው ፎቶ ከተሰጠኝ በእርሳስ ቁርጥ እሱን አድርጌ እስላለሁ፤ በትዕዛዝ እየሠራሁም ገንዘብ አገኝበታለሁ። ፎቶው ከፊቴ ከተነሳ ግን ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እንኳ መሳል ያቅተኛል። ተሰጥኦ የለኝም ማለት ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በፍጹም! ከፎቶ ስትሠራ፣ በተለይ ፎቶውና ወረቀቱ ላይ ካሬ እያሰመርክ ከሆነ፣ እጅህ የሚከተለው ጥላና ብርሃኑን ነው። የጉንጩ አጥንት ወዴት እንደሚታጠፍ፣ ጆሮ ከመንጋጋው ኋላ እንዴት እንደሚቀመጥ ሳታውቅም ስዕሉ ሰውየውን ሊመስል ይችላል። ለዚህ ነው ብዙ ፊት ስለህም በአእምሮህ የቀረልህ ትንሽ የሆነው።

አሁኑኑ ልትፈትነው ትችላለህ። ጀበና ከልጅነትህ ጀምሮ ስታየው ኖረሃል፤ ሳታይ ሳለው። እጀታው ከአንገቱ የሚነሳው ከአፉ ምን ያህል ዝቅ ብሎ ነው? ሆዱ ላይ የሚያርፈውስ የት ጋ ነው? አንገቱ ወደ ሆዱ ሲወርድ ቀስ እያለ ይሰፋል ወይስ ድንገት? እርሳስህ ያመነታበት ቦታ በደንብ አይተኸው የማታውቀው ቦታ ነው። አሁን ጀበናውን አምጣና እነዚያን ቦታዎች አጥና፤ መልሰህ ደብቀውና እንደገና ሳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ኦራስ ለኮክ ደ ቧቦድራን የተባለ የስዕል መምህር ተማሪዎቹን የሚያሠለጥነው እንዲህ ነበር፤ ከቀላል ቅርጽ ጀምረው ያጠናሉ፣ ከዚያ የተጠናው ነገር ይነሳና በቃላቸው ይስላሉ። ታላቁ ቀራፂ ኦጉስት ሮዳን የእሱ ተማሪ ነበር።

የተቀመጠውን ሰው በተመለከተ መጀመሪያ ወንበሩን እንደ ሳጥን ሳል። ዳሌውን ሌላ ሳጥን አድርገህ በላዩ አስቀምጥ፣ ደረቱን ሌላ፣ ክንድና እግሩን ሲሊንደር። ለልኬቱ፣ የቆመ አዋቂ ሰው ቁመት ሰባት ተኩል ራስ (ከአናት እስከ አገጭ ያለው ርዝመት ሰባት ተኩል ጊዜ) ገደማ እንደሆነ ያዝ። ዐይን ደግሞ የሚውለው በራስ ቁመት መሃል ላይ ነው፤ ጀማሪ ሁሉ ወደ ግንባር ያወጣዋል። ሳጥኑን ከላይ፣ ከታችና ከጎን አዙረህ መሳል ስትችል ሰውየውንም ማዞር ትጀምራለህ። ይህ አሰልቺ ልምምድ መሆኑን አልክድም፤ ግን እባክህ አትዝለለው።

ጥያቄ፦ ሌሎች “ዐይናችንን ስንጨፍን ስዕሉ ይታየናል” ይላሉ። እኔ ጨለማ ብቻ ነው የሚታየኝ። ልተወው ወይ?

መልስ፦ አትተዪው። እንዳንቺ ያሉ ሰዎች አሉ፤ በእንግሊዝ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው የነርቭ ሐኪም አዳም ዚማንና ባልደረቦቹ በ2015 እ.ኤ.አ. ሁኔታውን “አፋንታዚያ” ብለውታል። ለዲዝኒ ለብዙ ዓመታት ገጸ ባሕርያትን የሳለው አኒሜተር ግሌን ኪንም በአእምሮው ምስል እንደማይታየው ተናግሯል። በአእምሮሽ ያላየሽውን ወረቀት ላይ ልትፈልጊው ትችያለሽ፤ ቀለል ባለ እጅ ሞነጫጭሪ፣ ከመስመሮቹ መሃል የሚሆነውን ምረጪ፣ እሱን አጠንክሪ። ላጲሱን ግን ለጊዜው ራቅ አድርጊው።

ጥያቄ፦ ከምናብ ስስል ፎቶ ብመለከት ማጭበርበር ነው?

መልስ፦ አይደለም። ብቻ መጀመሪያ የራስህን ንድፍ ጨርስ፤ ፎቶውን የምታየው ያልገባህን ነገር ለመጠየቅ ይሁን።

ጥያቄ፦ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊዎች ቅዱስ ጊዮርጊስን ሲስሉ ፈረስ አቁመው አይደለም። ታዲያ እነሱ እንዴት ቻሉበት?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በጣም ወደድኩት። ሰዓሊው መምህሩ ሥር ሆኖ፣ የቀደሙትን ሥራዎች ደጋግሞ እየገለበጠ ነው የሚያድገው። ሥርዓቱም አለ፦ ጻድቁ ሙሉ ፊቱ፣ ሁለቱም ዐይኖቹ እየታዩ ይሳላል፤ ክፉው በአንድ ጎኑ፣ በአንድ ዐይን። ነጩ ፈረስ፣ ጦሩ፣ ከሥር የወደቀው ዘንዶ ሁሉም በእጁ ገብተዋል። ስለዚህ ግድግዳው ፊት ሲቆም ባዶውን አይደለም፤ ከዓመታት ያጠራቀመውን ይዞ ነው። ይህ ትልቅ እውቀት ነው፤ “ተፈጥሮን አይመስልም” እያሉ የሚያናንቁት ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ያልተጠራቀመ ነገር ሲሳል ምን እንደሚመጣ ለማየት ደግሞ ጀርመናዊው አልብሬክት ዱረር በ1515 እ.ኤ.አ. የሠራውን አውራሪስ ተመልከት። እንስሳውን በዐይኑ አላየውም፤ ያለው ከሊዝበን የመጣ መግለጫና ንድፍ ብቻ ነበር። ቆዳውን እንደ ጦር ጥሩር በብሎን የተያያዘ አስመሰለው፣ ትከሻው ላይም የሌለ ትንሽ ቀንድ ጨመረለት። ስዕሉ ድንቅ ነው፤ አውሮፓውያንም ለረጅም ዘመን እውነተኛው አውራሪስ ይህ ነው ብለው ተቀብለውታል። ምናብ ክፍተት ሲያገኝ በሚያውቀው ነገር ይሞላዋል፤ ዱረር የጦር ልብስ በደንብ ያውቅ ነበር።

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመት ልጄ ክንፍ ያላቸው ላሞች ትስላለች። መምህሯ “ያየሽውን ብቻ ሳዪ” አሏት። ማንን ልስማ?

መልስ፦ በክንፉ ላይ ማንም ባይከለክላት እመርጣለሁ። ርግብ ወይም ዶሮ ስትዘረጋ አብራችሁ እዩ፤ ክንፉ ከየት እንደሚነሳ፣ ሲታጠፍ የት እንደሚገባ ትመልከት። ቀጣዩን ላም ስትስል ሲያዩ “ይሄ ምንድን ነው?” አይበሏት፤ “ወዴት እየበረረች ነው?” ብለው ይጠይቋት።