«አንዲፋይንድ ሪፈረንስ» ሲል ምን ጎድሎት ነው?

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ ላይ በሲ የጻፍኩትን ፕሮግራም ጂሲሲ በሚባለው ኮምፓይለር ስገነባ «አንዲፋይንድ ሪፈረንስ ቱ ኤስኪውአርቲ» ብሎ ያቆማል። ማዝ.ኤችን ኢንክሉድ አድርጌያለሁ። የሚገርመው የ16ን ስኩዌር ሩት ስጠይቀው ይሠራል፤ ቁጥሩን ከኪቦርድ እንዲቀበል ሳደርገው ነው እምቢ የሚለው። ጓደኛዬ ማክ ላይ ያው ኮድ ያለ ችግር ሄደለት። ምኑን ነው የሳትኩት?

መልስ፦ ኮድዎ ደህና ነው፤ የጎደለው ትእዛዙ ላይ ነው። ጂሲሲ መጀመሪያ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ይለውጣል፤ ቀጥሎ ሊንከሩን ጠርቶ ከላይብረሪዎች ጋር ያያይዘዋል። ማዝ.ኤች የሚያገለግለው ለመጀመሪያው ሥራ ብቻ ነው። ኤስኪውአርቲ (የስኩዌር ሩት ፈንክሽኑ) ደብል የሚባለውን የቁጥር ዓይነት ተቀብሎ ደብል እንደሚመልስ ይናገራል እንጂ ስሌቱን ራሱን አልያዘም። ስሌቱ ያለው ሊብኤም በሚባለው የሂሳብ ላይብረሪ ውስጥ ነው፤ ሊኑክስ ላይ ደግሞ ጂሲሲ ካልነገሩት ሊብኤምን አይጨምርም።

የኮድ ፋይልዎን ሂሳብ.ሲ እንበለው። በዓይንዎ እንዲያዩት «ጂሲሲ -ሲ ሂሳብ.ሲ» ብለው በላቲን ፊደል ይተይቡ። ያለ ስሕተት ሂሳብ.ኦ ይወጣል። ከዚያ «ኤንኤም ሂሳብ.ኦ» ሲሉ ከኤስኪውአርቲ ፊት ዩ የምትል ፊደል ያገኛሉ፤ ስሙ ተጠርቷል፣ ሥራው ግን እዚህ የለም ማለት ነው።

ትክክለኛው ትእዛዝ ይኸው፦

ጂሲሲ -ዎል ሂሳብ.ሲ -ኦ ሂሳብ -ኤልኤም

የ-ዎል ደብልዩ ትልቁ ፊደል ነው፤ ማስጠንቀቂያዎችን ያወጣልና ሁልጊዜ ይጻፉት። -ኤልኤም ሊብኤምን ጨምር ማለት ነው፤ እሱ ግን የግድ መጨረሻ ላይ ይሁን። ሊንከሩ የሚያነበው ከግራ ወደ ቀኝ ነው፤ ኡቡንቱ ላይ እስከዚያ ድረስ ማንም ያልፈለገውን ላይብረሪ ትቶት ያልፋል። ከሂሳብ.ሲ በፊት ካስገቡት ያው ስሕተት ተመልሶ ይመጣል። ብዙ ሰው «ጨምሬው ነበር፣ አልሠራም» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው።

16 የሠራልዎ ቁጥሩ ቋሚ ስለሆነ ነው፤ ኮምፓይለሩ ራሱ አስልቶ 4ን ያስቀምጣል፣ ፈንክሽኑ ጭራሽ አይጠራም። ማክ ላይ ደግሞ የሂሳብ ፈንክሽኖቹ ሁልጊዜ በሚያያዘው የሲስተም ላይብረሪ ውስጥ አሉ።

ጥያቄ፦ ፕሮግራሜ ያለ ስሕተት ተገንብቷል፤ ስሙን ጽፌ ኢንተር ስል ግን «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» ይለኛል።

መልስ፦ ሼሉ (የሚተይቡትን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስኬደው) ፕሮግራም የሚፈልገው ፓዝ በሚባለው ዝርዝር ላይ ባሉት ፎልደሮች ብቻ ነው፤ እርስዎ ያሉበት ፎልደር አብዛኛውን ጊዜ እዚያ የለም። ከስሙ በፊት ነጥብና ስላሽ ያስቀድሙ፦ ./ሂሳብ። ፕሮግራምዎን ቴስት ብለው ከሰየሙት ደግሞ ስሕተት እንኳ አያዩም፤ ሼሉ ቴስት የሚባል የራሱ ትእዛዝ ስላለው እሱን ያሂድና ምንም ሳይጽፍ ይመለሳል።