ቶኒ ወይስ ስቴፕ? ቀለሙን ተዪው፣ አፉን እዪ

እህቴ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ስትሄጂ የመብራት ምሰሶ ላይ ፎቶ ያነሳሽው ቡናማ ንስር ቶኒ ኢግል ይሁን ስቴፕ ኢግል ጠይቀሻል። ቢምታታብሽ አይገርምም። ድሮ ሳይንቲስቶችም ሁለቱን እንደ አንድ ዝርያ ይቆጥሯቸው ነበር።

እኔ ለዓመታት በቀለም እለያለሁ እያልኩ ስሳሳት ኖሬያለሁ። ቶኒ ብቻውን ከገለባ ቀለም እስከ ጥቁር ቡናማ ይደርሳል። በቀለም ከሄድሽ አንዱን ወፍ ሁለት ታደርጊዋለሽ።

አፉን እዪ። ከመንቁሩ ተነስቶ ወደ ጉንጩ የሚገባ ቢጫ መስመር አለ። ቶኒ ላይ የዓይኑ መሃል ግድም ሲደርስ ያቆማል። ስቴፕ ላይ ግን እስከ ዓይኑ የኋላ ጫፍ ይዘልቃል። እኔ የገባኝ አንድ ኅዳር ላይ ነው። ገብስ ታጭዶ ባለቀበት ማሳ አንዱ ንስር በእግሩ እየተንጎራደደ አይጥ ይፈልጋል። በባይኖኩላር ሳየው አንዷን ያዘና ሊውጣት ቀና አለ። አፉ እስከ ዓይኑ ጀርባ ድረስ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ያንቺም ንስር መስመሩ ዓይኑ ጀርባ ደርሷል፤ ስቴፕ ነው። ሲበር ባነሳሽው ፎቶ ደግሞ ክንፉ ስር ሰፊ ነጭ መስመር ይታያል። ስለዚህ ገና ወጣት ነው። ሲጎለምስ ነጩ መስመር ይጠፋል፣ ስለዚህ ነጭ መስመር የለውም ብለሽ ቶኒ ነው እንዳትዪ።

ወቅቱም ይረዳሻል። ቶኒ ነባር ነው፣ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነው። ስቴፕ ግን ከሩሲያ፣ ከካዛክስታንና ከሞንጎሊያ ሜዳዎች የሚመጣ የበጋ እንግዳ ነው። ጥቅምት ላይ ብዙዎቹ ከየመን ወደ ጅቡቲ በባብ ኤል መንደብ ይሻገራሉ። ባሕር ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው የሚንሳፈፉበት ሞቃት አየር ስለማይነሳ ጠባቡን ቦታ ይመርጣሉ። በክረምት ሐምሌ ላይ ካየሽ ግን መጀመሪያ ቶኒን ጠርጥሪ።

ፎቶሽ ደስ ቢለኝም ምሰሶው አሳስቦኛል። ስቴፕ ኢግል ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ ተመዝግቧል። ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ ደግሞ ኤሌክትሪክ ነው፤ ክንፉ ሰፊ ስለሆነ ሁለት ሽቦ በአንዴ ይነካል። እባክሽ ስትመለሺ ምሰሶው ስር እዪልኝ። የወደቀ ካለ በእጅሽ አትንኪው፣ ሽቦውም ጋ አትጠጊ። ከራቅ ብለሽ ፎቶ አንሺና ቦታውንና ቀኑን ጽፈሽ እዚሁ ለጥፊው።