መልስ፦ ጥሪ እየሠራ መልእክት ለምን አይሄድም?

ወንድሜ፣ ከመሐል ሜዳ እንደጻፍከው ስልክህ ይደውላል፤ አጭር መልእክት ስትልክ ግን «አልተላከም» ይልሃል። ጥሪው ከሠራ ሲም ካርዱ ደኅና ሳይሆን አይቀርም፤ ለጠጋኝ ከመክፈልህ በፊት ቀሪ ሂሳብህን ተመልከት፤ የኢትዮ ቴሌኮም መስመር ከሆነ *804# ይበቃል። ሁለት ሲም ካለህ መልእክቱ ሂሳብ በሌለው በኩል እየወጣ እንዳይሆን በቅንብሮች ውስጥ አረጋግጥ።

እኔ አብዝቼ የምጠረጥረው ግን የመልእክት ማዕከሉን ቁጥር ነው። የጻፍከው በቀጥታ ወዳጅህ ዘንድ አይደርስም፤ መጀመሪያ ማዕከሉ ይቀበለዋል፣ ከዚያ ያደርሰዋል። ቁጥሩ ከጠፋ ወይም አንድ አሃዝ ከተዛባ ጥሪ እንደ ልብ እየሠራ መልእክት ይቀራል። ባለፈው ክረምት ደብረ ሲና የአክስቴ ስልክ እንዲሁ ሆኖ ነበር። ሲሙን አውጥቼ አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ ውስጥ ከተትሁት፤ የመልእክት ቅንብሩን ስከፍት የቁጥሩ ቦታ ባዶ ነው። በዚያው ድርጅት መስመር ከሚጠቀም ጎረቤት ስልክ ላይ በ+251 የሚጀምረውን ቁጥር ገልብጬ ሞላሁት፤ ወዲያው ሄደ። (አክስቴ ግን እስከ ዛሬ ጸበል ስለረጩት ነው ይላሉ።)

ደግሞም በፊደላችን ሲጻፍ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ሆሄ ብቻ ነው፤ በላቲን 160። ረጅሙ ተቆራርጦ ስለሚላክ ኔትወርክ በሚዋዥቅበት ገደል አፋፍ አንዱ ቁራጭ ይቀራል። «ደረስሁ» ብቻ ብለህ ሞክር። እርሱም እንቢ ካለ ሲሙን በሌላ ሰው ስልክ ፈትነው፤ ጥፋቱ የስልኩ ይሁን የመስመሩ ያን ጊዜ ይለያል።