ልጆቹን ወዴት እንውሰዳቸው? የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ኅዳር ሲገባ ትምህርት ቤቶች የጉዞ ወረቀት ይበትናሉ፣ ወላጅ ኪሱን ይዳብሳል፣ ከዚያ ለእኔ ትጽፋላችሁ። የቻልኩትን እነሆ።

ከቱሉ ዲምቱ አንዲት እናት

የልጃቸው ትምህርት ቤት «ትምህርታዊ ጉዞ ወደ ቢሾፍቱ» የሚል ወረቀት ልኮላቸዋል። ገንዘቡ በዝቶባቸዋል። ወረቀቱን ሲያነቡት ደግሞ ዋና፣ ጀልባ፣ ምሳ፣ ዲጄ ይላል። «የቱ ጋ ነው ትምህርቱ?» ይላሉ።

የለም፤ ሽርሽር ነው። ሽርሽር ነውር የለውም፣ ስሙን ግን አንቀይረው። የሚያናድደኝ ቢሾፍቱ ለጂኦግራፊ መምህር ሠርግና ምላሽ መሆኗ ነው። ሆራም ባቦጋያም እሳተ ገሞራ ቆፍሮት በሄደው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ውሃ ናቸው። ዳር ላይ ቆሞ «ይሄ ሐይቅ ለምን ክብ ሆነ? ትልቅ ወንዝ ሳይገባበት ውሃው ከየት መጣ?» ብሎ ማከራከር ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው። ያቺን ግማሽ ሰዓት ከዲጄው በፊት ያስገቡልን ብለው ይጠይቁ። እምቢ ካሉ ገንዘቡን የመክፈልና ያለመክፈሉ ነገር የእርስዎ ነው።

ከጀሞ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ

ሁለት ጥያቄ አለው። ሙዚየም ያለችው ድንቅነሽ የእውነቷ ናት ወይ? አይደለችም። የምታያት ቅጂዋን ነው፤ ዋናው አጥንት እዚያው ብሔራዊ ሙዚየም ተቆልፎበት ተቀምጧል።

ሁለተኛው ደግሞ «በየዓመቱ አንድ ፓርክ ሰለቸን» ነው። እኔንም ሰልችቶኛል፣ የእኔ ጎበዝ። ለዩኒት ሊደራችሁ ይህን ንገርልኝ። ከእናንተ ሰፈር በዓለም ገና በኩል የቡታጅራን መንገድ ይዞ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ መልካ ቁንጥሬ አለ። የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ የሠሩበት ቦታ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከ700 ሺህ ዓመት በፊት የተረገጠ ዱካ ተገኝቶበታል፤ ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን የረገጠው ሳይቀር። እዚያው አጠገብ ያለው ባልጪት ደግሞ ባልጩት የሚወጣበት ነው፤ ስሙ ራሱ ይናገራል። በዚያው መንገድ ትንሽ ገፋ ካላችሁ ጢያ ትደርሳላችሁ። 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ ላይ ሰይፍና ሌላም ምልክት ተቀርጿል። ምን ማለት እንደሆነ መጀመሪያ እናንተ ገምቱ፣ አስጎብኚው ከዚያ በኋላ ይናገር።

ከሱሉልታ የወላጅ ኮሚቴ አባል

የተከራዩት አውቶቡስ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆን ተጠያቂው ማን ነው? ከመሳፈራችሁ በፊት ቦሎውንና የሦስተኛ ወገን መድኑን እዩ፤ ሾፌሩ ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ እንዳይሆንም ጠይቁ። ሌላውን ጠበቃ ያውቃል።

ከአቃቂ አንድ መምህር

የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ክፍላቸው ውስጥ 60 ልጅ አለ። የአውቶቡስ መዋጮ ቢጠየቅ ግማሹ አያመጣም። «ያልከፈሉት ግቢ ውስጥ ሲቀሩ ማየት ስለከበደኝ ዘንድሮ ልተወው ነው» ይላሉ።

መምህር፣ አይተዉት። እኔም አስተማሪ ነበርኩ። አንድ ዓመት ልጆቹን በሦስት ቅጥቅጥ ጭነን ሩቅ አገር ሄድን። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተን ማታ 3 ሰዓት ገባን። ቦታው ላይ የቆየነው ሁለት ሰዓት አይሞላም። በማግስቱ ስለጉዞው ጻፉ አልኳቸው። ማን እንዳስመለሰው፣ ማን መስኮት ጋ እንደተቀመጠ፣ ሾፌሩ ምን ዘፈን እንደከፈተ ጽፈው አመጡ። ስለቦታው በደንብ የጻፈች አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። እሷ አልሄደችም። የምትከፍለው ስለሌላት ቀርታ ከመጽሐፍ አንብባ ነው። ከዚያ ወዲህ «ሩቅ» ሲሉኝ ልቤ አይነሳም።

እርስዎ ደጅ ላይ ወንዝ አለ። ትንሹ አቃቂ ላይኛው ጫፍ ላይ ገፈርሳ ተገድቦ ለከተማው የቧንቧ ውሃ ይሆናል። በትልቁ አቃቂ በኩል ለገዳዲም እንደዚያው። ሁለቱ ወንዞች ከተማውን ሰንጥቀው፣ የከተማውን ጉድ ሁሉ ተሸክመው አባ ሳሙኤል ይገባሉ። ከዚያ አዋሽ ነው፤ ከዚያ ቆቃ፣ ከዚያ አፋር፣ መጨረሻው አቤ ሐይቅ። «አዋሽ ባሕር ሳይደርስ የሚቀር ወንዝ ነው» ብሎ ለፈተና የሸመደደ ልጅ፣ ወደዚያ የሚሄደውን ውሃ በየቀኑ በድልድይ እየተሻገረው አያውቀውም።

60ውን በአንድ ጊዜ አይውሰዱ። 30፣ 30 አድርገው በሁለት ቀን፣ ሌላ መምህርና ሁለት ሦስት ወላጅ ጨምረው በእግር ይሂዱ። አንዱ ቡድን ድልድዩ ላይ ሆኖ ለ15 ደቂቃ የሚያልፈውን ይቁጠር፦ ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ አረፋ፣ የውሃው ቀለም። ሌላው ሰፈሩ ውስጥ የከረሙ አባቶችንና እናቶችን ይጠይቅ፦ ድሮ ይዋኝበት ነበር? ልብስ ይታጠብበት ነበር? መቼ ቀረ? ሦስተኛው ካርታውን ይሣል። መዋጮ የለም፣ ግቢ የሚቀር ልጅ የለም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ማንም ልጅ ወደ ውሃው አይውረድ፣ እጁንም አይንከር። የፋብሪካ ፍሳሽና የመጸዳጃ ቤት ቆሻሻ የሚገባበት ውሃ ነው። ከመሄድዎ በፊት የጤና ጣቢያውን ባለሙያ አነጋግሩ፤ ቢቻል አብሮ ይምጣ። ድንገት ውሃው የነካው ልጅ ቢኖር ምን እንደሚደረግ የሚነግርዎት እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም።

ከየካ አባዶ አንድ አባት

ልጃቸው አስም አለባት። ክፍሏ እንጦጦ ሊወጣ ነው፤ «ትቅር ወይስ ትሂድ?» ይላሉ።

ይህን በጋዜጣ አይጠይቁ። ሐኪሟ ጋ ይዘዋት ይሂዱ፣ ጉዞው ሳይደርስ በዚህ ሳምንት። እንጦጦ ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ብርዱ ያንቀጠቅጣል፣ ዳገቱም ቀላል አይደለም። ሐኪሟ ከፈቀደ የምትነፋው መድኃኒት ኪሷ ውስጥ ይሁን፤ አውቶቡስ ላይ የተተወ ቦርሳ ውስጥ እንዳይሆን። አብሯት የሚሆነው መምህርም አጠቃቀሙን ይወቅ፤ ትምህርት ቤት ሄደው ራስዎ ያሳዩት። ከዚያ በኋላ ትሂድ። የምኒልክን ቤተ መንግሥትና እንጦጦ ማርያምን ማየት ይገባታል።

ስሟን ያልጻፈች እናት

ለመንገድ ምን ልቋጥርላት? ዳቦ በእንቁላል፤ የጾም ቀን ከሆነ ዳቦ በድንች። ለስላሳ አትጨምሪበት፣ የጎረቤቷን ልጅ ዩኒፎርም የምታጥቢው አንቺ ትሆኛለሽ።