ስሙ አለበት?

ባለፈው ወር ጋዜጠኝነት ለሚማሩ ልጆች ስለ ሬዲዮ ሥራ እንዳወጋቸው ተጠርቼ ነበር። ጡረታ የወጣ ሰው ሲጠራ ደስ ይለዋል፤ ሸሚዜን አስተኩሼ፣ ሦስት ገጽ ማስታወሻ ይዤ ሄድኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳልደርስ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ አቶ መለስ ሲሞቱ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብላ ስታለቅስ ትዝ ይለኛል። አባቴ ግን ብድግ ብሎ በረንዳ ላይ ወጥቶ ቆመ። ያ ሁሉ ሕዝብ ያለቀሰው ከልቡ ነበር ወይስ ታዝዞ?»

«ሁለቱም» አልኳትና ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ስቄ ወደ ማስታወሻዬ ተመለስኩ። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህን የምጽፈው ለእርሷ ነው፤ ሌሎቻችሁም ብታነቡት አልጠላም። ስለ ሰዓት ማክበር፣ ስለ ማንበብ፣ ስለ ቋንቋ ጥራት ከእኔ አትጠብቁ፤ መምህሮቻችሁ እስኪሰለቻችሁ ነግረዋችኋል።

መጀመሪያ ያንን ክረምት ላስታውሳችሁ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰኔ ላይ ሜክሲኮ ለቡድን 20 ስብሰባ ሄደው ነበር። ሐምሌ ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ ሲካሄድ ግን ወንበራቸው ላይ አልነበሩም። ሀገር ጠየቀ። መልሱ በሕመም ፈቃድ ላይ ናቸው፣ እየተሻላቸው ነው የሚል ነበር፤ እኛም የተሰጠንን አነበብን። የመሪ ሕመም በዚህ ሀገር የጓዳ ነገር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም፤ ንጉሠ ነገሥት ያለ ለቅሶ ሄዱ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ነሐሴ 1967 ሞቱ ሲባል ደግሞ ደረቱን ሊመታ የደፈረ አልነበረም፤ አፅማቸው በክብር ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የገባው ጥቅምት 1993 ነው። ይህን የማነሳው በዕውቀት ለመኩራራት አይደለም። እንባ በዚህ ሀገር ብዙ ጊዜ ፈቃድ ሲጠብቅ እንደኖረ እንድታውቁልኝ ነው።

ነሐሴ 10 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ አረፉ። 13 ቡሄ ነበር፤ ልጆች በጭቃው ሆያ ሆዬ ሲሉ አመሹ። ማክሰኞ ነሐሴ 15 ቀን ጠዋት የአቶ መለስ ሞት በቴሌቪዥን ተነገረ። ያረፉት በዋዜማው ሌሊት ብራሰልስ ውስጥ ነው፤ 57 ዓመታቸው ነበር፤ ሀገሪቱንም 21 ዓመት መርተዋል።

እኛ ዘንድ መርዶ ሥርዓት አለው። የአባቴን መርዶ የሰማሁት ደሴ ተማሪ ሳለሁ ነው። ጎህ ሳይቀድ ሦስት ሽማግሌዎች በር አንኳኩ። ገብተው ዝም ብለው ተቀመጡ። አንዱ ጋቢውን አስተካከለ፣ ሁለተኛው ጉሮሮውን ጠረገ። ሦስተኛው አፉን ሳይከፍት እኔ ጮህኩ። መርዶ ነጋሪ እንዲህ ነው፤ ዝምታው ቀድሞ ይናገርለታል። በዚያ ነሐሴ ሀገር መርዶዋን የሰማችው እያንዳንዱ ሰው ብቻውን፣ ቁርስ እየቀማመሰ፣ ልብስ እየለበሰ ነው። የዚያኑ ዕለት ሌሊት አስከሬኑ ቦሌ ሲደርስ ሕዝቡ በዝናብ ወጥቶ መንገድ ዳር የቆመው፣ ይመስለኛል፣ ለዚህም ነበር። ለቅሶ ብቻውን አይቻልም።

በማግስቱ እኔም መቅረጫዬን ይዤ አስከሬኑ ወዳረፈበት ወደ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት የሚሄደውን ሰልፍ ተቀላቀልኩ። ያየሁትን ልንገራችሁ። ደረታቸውን እየመቱ የሚያለቅሱ ነበሩ፤ እንባቸው ከዝናቡ ይለያል። ፎቶግራፋቸው የታተመበት ጥቁር ቲሸርት የለበሱ ወጣቶች ነበሩ። ከመሥሪያ ቤት በአንድ መኪና መጥተው ሰዓታቸውን የሚያዩም ነበሩ። አንድ ሰውዬ ደረቅ ዓይኑን በመሐረብ ሲጠርግ አይቼ በልቤ ፈረድኩበት፤ ወዲያው ደግሞ ወንድ ልጅ ሲያዝን ዓይኑ የሚደርቅበት ጊዜ አለ ብዬ ራሴን ገሠጽኩ። ሁለቱም ዛሬ ድረስ ያለሁባቸው ሐሳቦች ናቸው። በዚያ ሰልፍ ያልነበሩም ነበሩ፤ ከ1997 ምርጫ በኋላ ልጆቻቸውን የቀበሩ ቤተሰቦች ያን ሰሞን በራቸውን ዘግተው ምን እንዳሉ ማይክራፎኔ አልሰማም። ልጄ፣ የአባትሽን በረንዳ የማውቀው በዚህ ነው።

ከሰልፉ መካከል አንዲት እናት ነበሩ። ሰባ ሳይሆናቸው አይቀርም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ጫማቸው ጭቃ ሆኗል። ድምፃቸው ግን! እኔ ጎንደርም ወሎም ብዙ ለቅሶ ቀድቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ የሙሾ ድምፅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ሰዉ ዝም ብሎ ክፍት ቦታ ተወላቸው። እንዲህ አሉ፦

«ላንተስ አለቀሰ ሀገር ተሰብስቦ፣
የእኔን ወሰዱብኝ ቤቴ ሌት ተከቦ።»

ተጠጋሁ። «እናቴ፣ ማንን ነው የሚያለቅሱት?» አልኳቸው።

«ልጄን ነዋ!» አሉኝ፤ የምጠይቀው ግልጽ ነገር እንደሆነ ሁሉ። ስሙን ጠሩት። በ1970 ዓ.ም. ከቤት እንደወሰዱት፣ አስከሬኑን ከመንገድ እንዳዩት፣ አታልቅሺ እንደተባሉ ነገሩኝ። በቀይ ሽብር ጊዜ ለልጁ ማልቀስ የተከለከለ፣ ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቀ ወላጅ እንደነበር እናንተ በመጽሐፍ ታነቡታላችሁ፤ እኔ በጎረቤቶቼ አይቻለሁ። «ሠላሳ አራት ዓመት ጠበቅኩ» አሉ። «ዛሬ ሀገሩ ሁሉ ሲያለቅስ ማን ልብ ይለኛል ብዬ መጣሁ።»

«ታዲያ አቶ መለስስ?»

«እሱንም አለቅሳለሁ እንጂ! የልጄን ገዳዮች ፍርድ ቤት ያቆመልኝ እሱ አይደለም? እሱም የእናት ልጅ ነው።» ከዚያ እንደገና የልጃቸውን ስም እየደጋገሙ ሙሾ ማውረድ ጀመሩ። አሥራ አንድ ደቂቃ ቀዳሁ።

ስቱዲዮ ስገባ ቀኑ መሽቷል። ሥራውን በለመድኩበት ዘመን የቴፕ ክር በምላጭ ቆርጠን በማጣበቂያ እንቀጥል ነበር፤ ያስተማረኝ ሰው «የቆረጥከውን ክር ሳትሰማው አትጣል» ይለኝ ነበር። የተቆረጠችውን ክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እንደ ልብስ ሰፊ ሲዞር ትዝ ይለኛል፤ ማታ ሊወጣ ሲል አንድ በአንድ ሰምቶ ይጥላት ነበር። በ2004 ግን ክርም ምላጭም የለም፤ ኮምፒውተር ነው፤ የተቆረጠው ወለል ላይ አይወድቅም፤ ዝም ብሎ ይጠፋል። ከአሥራ አንዱ ደቂቃ አርባ ሰከንድ አወጣሁ። የመጀመሪያውን ስንኝ አስቀረሁ፤ «ላንተስ አለቀሰ ሀገር ተሰብስቦ»። ሁለተኛውን ቆረጥኩት። ከዚያ ጩኸታቸውን አስከተልኩና ከፊቱ በራሴ ድምፅ «በመሪያቸው ሞት ልባቸው የተሰበረ እናት» አልኩ።

ግጥሙ ቤት አልመታም። አማርኛ የሚሰማ ሁሉ ሊያውቀው ይገባ ነበር፤ የመጀመሪያው ስንኝ መንገድ ነው፣ ነገሩ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። አንድ ሰው እንኳ «ቀሪውስ?» ብሎ አልጠየቀኝም። «ግሩም ድምፅ ነው» ተባልኩ፤ ደስ አለኝ። ቀብሩ እስከተፈጸመበት እስከ ነሐሴ 27 ድረስ ስንት ጊዜ እንደተላለፈ አልቆጠርኩም።

ልጄ፣ ጥያቄሽ «ታዝዞ ነው ወይ?» የሚል ነበር አይደል? እነሆ መልሴ። እኔን ማንም አላዘዘኝም። ቁረጥ ያለኝ አለቃ የለም፤ ስልክ የደወለ ባለሥልጣን የለም። በዚያ ሳምንት ሬዲዮው ምን ዓይነት እንባ እንደሚፈልግ በራሴ አውቄ፣ በራሴ እጅ ልክ አድርጌ ሰፋሁት። ብታዘዝ ኖሮ ዛሬ የማማርረው ሰው ይኖረኝ ነበር።

መስከረም 2005 አጋማሽ ላይ የጥበቃው ሰው «አንዲት አሮጊት ይፈልጉዎታል» ብሎ ጠራኝ። በሩ ላይ እኒያ እናት ቆመዋል፤ ነጠላቸው አሁን እንደ ወጉ ነው። ሊወቅሱኝ የመጡ መሰለኝና ምን እንደምል ማዘጋጀት ጀመርኩ። ሬዲዮኑን ጎረቤታቸው አሰምታቸው ኖሮ ድምፃቸውን እንዳወቁት ነገሩኝ።

«ልጄ፣ ያንን የቀዳህብኝን ስጠኝ» አሉ። «ለልጄ ያለቀስኩት ያን ቀን ብቻ ነው። መቃብር የለው፣ ተዝካር አላወጣሁለት። እኔ ስሞት እንኳ ስሙን የጠራሁበት ይኑር።»

አስገብቼ አስቀመጥኳቸው፤ ሻይ አስመጣሁ። ወደ ክፍሌ ገብቼ ፈለግኩ። መቅረጫው ትንሽ ነበር፤ በየማታው ለነገ ሥራ አጸዳው ነበር። አሥራ አንዱ ደቂቃ የለም። ያለው አርባ ሰከንድ ነው። እሱን ካሴት ላይ ገልብጬ ይዤላቸው ወጣሁ።

ካሴቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ገለባበጡት።

«ስሙ አለበት?» አሉኝ።

«የለበትም፣ እማማ።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ካሴቱን ከሻይ ብርጭቆው አጠገብ ቀስ አድርገው አስቀመጡት። «እንግዲያ ምን አደርገዋለሁ፤ እናንተው ያዙት» ብለው ተነሡ። አልተቆጡም። በሩ ድረስ ሸኘኋቸው፤ አስፋልቱን እስኪሻገሩ አየኋቸው። ያን ጊዜ ሮጥ ብዬ «ስሙን ይንገሩኝ፤ እንደገና ልቅዳዎት» ማለት ይቻል ነበር። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ። አፈርኩ። የባሰው ስህተት ይሄ ይመስለኛል፤ የመጀመሪያው የሙያ ጥፋት ነው፣ ይሄኛው የፈሪነት።

ምክር ያላችሁ እንደሆነ፣ ለቅሶ ቤት ማይክራፎን ይዛችሁ አትግቡ። ይህን ጽፌ ደግሞ አነበብኩት፤ አላምንበትም። ነገ ሀገር እንደዚያ ቢያለቅስ እኔ ራሴ ጉልበቴን እያሸሁ እወጣለሁ። እሺ፣ ግቡ። ግን «ማንን ነው የሚያለቅሱት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ለመሪው ብቻ አትስጡት። በሰው ለቅሶ የራሱን የማያለቅስ ማን አለ? በ2001 የፋሲካ ዕለት ጥላሁን ገሠሠ ሲሞት እኔ ያለቀስኩት ለእርሱ ይመስላችኋል? ዘፈኑን ስትወድ ለነበረች እህቴ ነው። ለእርሱም ነው። እንዴት አድርጌ ልለየው?

በእናንተ ላይም ቅሬታ አለኝ። ቀብር ላይ ስልካችሁን ከፍ አድርጋችሁ ስትቀርጹ ሳይ ደሜ ይፈላል፤ ሬሳው ሳይወርድ ፌስቡክ ላይ የሻማ ሥዕል ይለጠፋል። እኛ ንፍሮ እየቆረጠምን ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ የተቀመጥንበትን እናንተ በአንድ ጣት ትጨርሱታላችሁ። ነገር ግን ልጄ ባለፈው ስልኩን አሳየኝ፤ አያቱ ያወራችውን ሁሉ፣ ሳሏን ሳይቀር፣ የአራት ዓመት ድምፅ አስቀምጧል። ቦታ ጠበበኝ ብሎ አላጠፋም። ቀናሁበት።

ቀብሩ ዕለት፣ እሑድ ነሐሴ 27፣ መስቀል አደባባይ ነበርኩ። የውጭ መሪዎች በተራ ሲናገሩ ቀዳሁ፤ ከዚያ አስከሬኑ ወደ ቅድስት ሥላሴ ሄደ። የቆምኩበት ቦታ ከኋላዬ ምን እንደነበር ያስተዋልኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ በ2002 የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም። ቀኑን ሙሉ ጀርባዬን ሰጥቼው ቆሜያለሁ።

ከእናንተ ዘንድ በተመለስኩ በሳምንቱ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ ፎቶግራፎች ተደርድረዋል፤ አብዛኞቹ ልጆች ናቸው፤ ጸጉራቸው አፍሮ፣ የሸሚዛቸው ኮሌታ ሰፊ። መነጽሬን አድርጌ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ ስሞቹን አነበብኩ። ሰማሁት የምለው ስም አንዱ ጋ ብልጭ ይልልኛል፤ ሌላው ጋ ደግሞ እንዲሁ። ከዚያ ሁሉም እርሱ መሰሉኝ።

አስጎብኚው ወጣት ነው፤ ብዙ መቆሜን አይቶ መጣ። «አባቴ፣ ዘመድ ነው የሚፈልጉት? ስሙን ይንገሩኝና አብረን እንፈልገው» አለኝ።

«አይ፣ ለማየት ነው የመጣሁት» አልኩት።