ጥያቄና መልስ፦ ከሰው ጋር እውላለሁ፣ ወዳጅ ግን የለኝም

ጥያቄ፦ በአንድ የጥብቅና ድርጅት ውስጥ ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እንደ እኔው ጀማሪ ከሆኑ አራት ጠበቆች ጋር በአንድ ክፍል እንሠራለን፤ ብዙ ጊዜም አምሽተን አብረን እንወጣለን። ባለፈው ወር በአንድ ትልቅ የክስ መዝገብ ስንሸነፍ፣ ጥፋቱ እኔ ያረቀቅሁት የክስ መልስ ላይ ይሆን እያልኩ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። ስልኬን አንሥቼ የአራቱንም ስም አየሁና ለማን እንደምደውል ጠፍቶኝ መልሼ አስቀመጥኩት። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር እየዋልኩ እንዴት ብቸኛ እሆናለሁ? (ጀማሪዋ ጠበቃ)

መልስ፦ ከደብዳቤዎ ውስጥ አልወጣ ያለኝ ያ ተነሥቶ የተቀመጠው ስልክ ነው። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች ከትውውቅ ወደ ቀላል ወዳጅነት ለማለፍ 50 ሰዓት ያህል፣ የቅርብ ጓደኛ ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብረው እንደሚያሳልፉ ገምቷል። ለእርስዎ ጉዳይ የሚበጀው ግን ብዙዎች ሳያነቡ የሚያልፉት ክፍል ነው፤ በሥራ ምክንያት አብሮ ያለፈ ሰዓት ለወዳጅነት ያለው ድርሻ አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። 200ውን ሰዓት እናንተ ከረጅም ጊዜ በፊት ጨርሳችሁታል፤ የተቆጠረው ግን ለደንበኛው ሒሳብ ነው።

ሙያውም አያግዝም። ክፍያ በሰዓት በሚሰላባቸው ብዙ ድርጅቶች ጠበቃው የሠራውን በየ6 ደቂቃው ከፋፍሎ ስለሚመዘግብ፣ ባልደረባው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ ያወራት ሩብ ሰዓት የባከነች ትመስለዋለች። በዚያ ላይ ከጀማሪዎቹ መካከል ወደ ሸሪክነት (የድርጅቱ ባለድርሻ ወደ መሆን) የሚያድጉት ጥቂቶች መሆናቸውን ሁሉም ስለሚያውቅ፣ ድካምን ለባልደረባ መናገር ለተቃራኒ ወገን ማስረጃ አሳልፎ እንደ መስጠት ይቆጠራል። የሙያ ምስጢርም ሌላው ማመካኛ ነው። ምስጢሩ የደንበኛው ጉዳይ እንጂ የእርስዎ ስሜት አይደለም፤ «ትናንት እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ለማለት የተከራካሪ ስም መጥራት አያስፈልግም።

አራቱንም በአንድ ጊዜ ለመወዳጀት አይሞክሩ። ጨዋታ አዋቂውን ሳይሆን፣ ስሕተቱን በሰው ፊት ሲያምን የሰሙትን አንዱን ይምረጡና «አንተስ ፍርዱን ስትሰማ ምን ተሰማህ?» ብለው ይጠይቁት። ሲመልስልዎ መስቀለኛ ጥያቄ አያውርዱበት (ይህ የጠበቆች አመል ወግ ላይም አይለቅም)፤ ምክር ለመስጠትም አይቸኩሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ እርስዎ ሌላው ቀድሞ እስኪናገር ጠብቀው ከሆነ፣ እሱም እንደዚሁ ሲጠብቅ ቆይቶ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በኋላ የምትገናኙበት ጊዜ ከቢሮ ውጭ ይሁን፤ ቀኑና ሰዓቱም እንደ ችሎት ቀጠሮ ማስታወሻችሁ ላይ ይስፈር፤ «ሲመቸን» የሚባል ቀን ለጠበቃ አይመጣምና። አስቸኳይ ሥራ መጥቶ ቀጠሮው መፍረሱ አይቀርም፤ በፈረሰበት ሰዓት፣ ሳትለያዩ፣ ተለዋጭ ቀጠሮ ያዙ።