ደረታቸውን እያመማቸው ስፖርት መሥራት ለሚፈልጉ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በፊዚዮቴራፒ ሙያ በቆየሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ፤ ልቡ ጤነኛ መሆኑ በምርመራ የተረጋገጠለት ወጣት፣ ፍርምባው (የደረቱ መሐል አጥንት) አጠገብ፣ የጎድን አጥንቶች በሚጋጠሙበት ቦታ የሚወጋው ሕመም (ሐኪሞች «ኮስቶኮንድራይተስ» የሚሉት) ስላልለቀቀው ብቻ እንቅስቃሴን እርግፍ አድርጎ ይተዋል፤ ሌላው ደግሞ ከሕመሙ ጋር እልህ ተጋብቶ የሚያነሣውን ክብደት ይጨምራል። ሁለቱም ይጎዳሉ። እኔንም ይኸው ሕመም ለረጅም ጊዜ ስለተመላለሰብኝ፣ የምጽፍላችሁ ሁለቱንም ስሕተት በራሴ ላይ አይቼ ነው።

አስቀድሜ ግን አጥብቄ የማሳስባችሁ አለኝ። ሐኪም ሳያየው «ብርድ ነው» ወይም «የአጥንት ነው» ብሎ የሚወስን ሰው በሕይወቱ ላይ ይፈርዳል። ደረትን ጨምቆ የሚይዝ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዛመት፣ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስ መሳት ያለበት ሕመም በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል የሚያስሮጥ ነው፤ ትኩሳት ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ሲኖርም ማደር የለበትም። በጣት ሲጫኑት የሚያም ቦታ መገኘቱ ሕመሙ የደረት ግድግዳ (የደረት አጥንትና ጡንቻ) ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል እንጂ ልብን ነፃ አያወጣም።

ምርመራው ካለፈ በኋላ ሕመሙ ለምን ቶሎ እንደማይለቅ መረዳት ይጠቅማል። ከ12ቱ ጥንድ የጎድን አጥንቶች የላይኞቹ 7ቱ በልም አጥንት (ተጣጣፊ በሆነው ለስላሳ አጥንት) አማካይነት በቀጥታ ከፍርምባ ጋር ይያያዛሉ፤ ሕመሙም ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ከ2ኛው እስከ 5ኛው ባሉት መጋጠሚያዎች ላይ ነው። የተሰበረ ክንድ ታስሮ ያርፋል፤ እነዚህ መጋጠሚያዎች ግን ዐርፈን ተቀምጠን እንኳ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ስንተነፍስ አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ሕመሙን የፈራ ሰው ደግሞ ትንፋሹን ያሳጥራል፣ ትከሻውን ወደ ፊት ያጎብጣል፤ ደረቱም እየደረቀ ሲሄድ ትንሹ እንቅስቃሴ ሁሉ ያመዋል።

ስለዚህ በእግር ጉዞ ጀምሩ። እያወራችሁ መሄድ በምትችሉበት ፍጥነት 10 ደቂቃ ይበቃል፤ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ጨምሩበት። ማታ በጀርባችሁ ተኝታችሁ እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ አድርጉና እጃችሁ ከፍ ዝቅ እስኪል በቀስታ ተንፍሱ። ክንዶቻችሁን በበር መቃን ላይ አስደግፋችሁ አንድ እርምጃ ወደ ፊት በመራመድ የደረታችሁን ጡንቻ ለ20 ሰከንድ ያህል ሳቡት፤ መሳሳብ ይሰማችሁ እንጂ አይውጋችሁ። ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ክብደት መግፋት) እና ዲፕስ (በሁለት ብረቶች መካከል በክንድ ተደግፎ መውረድና መውጣት) ለጊዜው ይቆዩ፤ ጂም ውስጥ «ቻለው» የሚላችሁ ጓደኛ ቢኖርም የሚያድረው ሕመም ከእናንተ ጋር እንጂ ከእርሱ ጋር አይደለም።

መለኪያችሁ ማግስቱ ይሁን። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ብትሰጡት፣ ስትሠሩ እስከ 3 ድረስ ቢሰማችሁና በማግስቱ ወደ ነበረበት ቢመለስ መጠኑ ተስማምቷችኋል፤ ካደረ ግን በቀጣዩ ጊዜ ቀንሱ እንጂ አትተዉ። ይህን መለኪያ እንዳታጡት ስትሉ፣ ስፖርት ለመሥራት ብላችሁ እንደ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ያለ የሕመም ማስታገሻ አትዋጡ፤ የሕመሙን ድምፅ ያፍናል፣ ጨጓራንና ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። ወጌሻ ዘንድ የምትሄዱም ብትኖሩ፣ ያበጠውን ወይም የሚያመውን መጋጠሚያ በኃይል እንዲያሽ አትፍቀዱለት።

ፑሽአፕ የናፈቃችሁ በግድግዳ ጀምሩ፤ ሕመሙ ለሁለት ሳምንት ያህል ሳያድርባችሁ ከቀረ ወደ ጠረጴዛ ጠርዝ፣ ከዚያም ወደ ወለል ውረዱ። እኔ ከግድግዳ ወደ ወለል ለመድረስ ስምንት ወር ፈጅቶብኛል፤ መሐል ላይ ሁለት ጊዜ ወደ ግድግዳው ተመልሻለሁ።